መቶ ሰማንያ ዘጠነኛው ነጥብ

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

የድሮዎቹ ይበልጣሉ ወይስ የአሁኖቹ? ይህን ያልጠየቀ ሰው ካለ ቶርቪክ ውስጥ አልኖረም። እዚህ ከተማ ጸጉሩን ሊስተካከል የተቀመጠም፣ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቁን የበሳም፣ ለቅሶ የመጣም ሳይቀር የበረዶ ሆኪ ወሬ ከተነሳ መድረሻው እዚያው ነው። ዛሬ ጥያቄው የእኔ ሥራ ሆነ።

ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ሐሳቤን ለዲያን ነገርኳት። ዲያን የኮሌጃችን የስፖርት ክፍል ኃላፊ ናት። እኔ ከተመረቅኩ ወዲህ በእሷ ሥር በጊዜያዊነት የተቀጠርኩ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ፤ ውጤት እይዛለሁ፣ ዜና እጽፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሲያስፈልግ ፈንዲሻ እሸጣለሁ።

«ኤመት ስክራባ መቶ ሰባ ዘጠኝ ነጥብ ላይ ደርሷል» አልኳት። «የኮሌጁ ክብረ ወሰን መቶ ሰማንያ ስምንት ነው። ዶክተር ዋልት ሄግስታድ ከያዙት ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፣ ማንም አልተጠጋውም። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ እንስቀልና ነጥብ ባገኘ ቁጥር ቁጥሩን እንቀይር።»

«ማን ነው የሚቀይረው?»

«እኔ።»

«መሰላል ላይ ወጥተሽ?»

«ወጥቼ።»

«ከወደቅሽ አላውቅሽም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ካይሳ፣ ይኼ ነገር ሕዝብ ከሳበ የቋሚውን ቦታ ጉዳይ ኤፕሪል ላይ አነሳልሻለሁ።»

ሰሌዳውን ከሰዓት በኋላ ራሴ ቀባሁት። ቀይ። ጣቶቼ እስካሁን ቀይ ናቸው።

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ

ሁለት! አንድ አገባ፣ አንድ አቀበለ። 181። መሰላሉ ላይ ሆኜ ቁጥሩን ስለውጥ ሕዝቡ ለእኔ ያጨበጨበ መሰለኝ።

ኤመት ከጨዋታው በኋላ እንደ ልማዱ ቢሮዬ መጥቶ የተረፈውን ፈንዲሻ በላ። ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሳይጠይቅ ይቀመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል።

«ሰሌዳውን ማን ሰቀለው?» አለ።

«ኮሌጁ።»

ጣቶቼን አየ መሰለኝ።

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

እናቴ እዚህ ተወልዳ እዚህ አርጅታ የነጥቡ ነገር እስከ ዛሬ አልገባትም። ዛሬም ሾርባው እስኪበስል አስረዳኋት። ጎል ያገባ አንድ ነጥብ ያገኛል። ከእሱ በፊት ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር ጠፍጣፋ ላስቲክ፣ የነካው የቡድኑ ልጅ አቀባይ ይባላል፣ አንድ ነጥብ። ከዚያም በፊት የነካው ሁለተኛ አቀባይ ነው፣ እሱም እኩል አንድ ነጥብ።

«ያገባውና ቀድሞ የነካው እኩል ናቸው?»

«እኩል።»

«ማን እንደነካ በምን ይታወቃል? ስድስት ሰው ማዕዘን ላይ ተደራርቦ ሲራገጥ።»

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። በሜዳችን የሚወስኑት ጋሽ ኦርቪል ናቸው። የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ እናቴንም እኔንም አስተምረውናል። በረዶው ጠርዝ ላይ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከጎናቸው ሆኜ ያየሁትን ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ባለፈው በልግ አንድ ዓይናቸውን ስለታከሙ ዘንድሮ ወደኔ ዘንበል ማለታቸው በዝቷል።

በተጨማሪ አንድ ልማድ አለን። ስሙ የተጠራ ተጫዋች ፓኳን ካልነካት ወደ መስኮታችን ተንሸራቶ ይመጣና ራሱን ይነቀንቃል፤ የነካውን ልጅ ቁጥር በጣቱ ያሳያል። የትም አልተጻፈም፣ ማንም አያስገድድም። ያልነካውን የወሰደ ግን መልበሻ ክፍል ውስጥ የሚያወራው ሰው አያገኝም። ጋሽ ኦርቪል ይህን ልማድ ከዓይናቸው በላይ ያምኑታል።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ዶክተር ዋልት ዘንድ ሄድኩ። የጥርስ ሐኪም ናቸው። ጥያቄዎቼን ይዤ ስገባ «መጀመሪያ አፍሽን ክፈቺ» አሉኝና ወንበሩ ላይ አስተኙኝ። ስለዚህ ቃለ መጠይቁን እሳቸው ናቸው ያደረጉልኝ።

ሳምንቱን ሙሉ የሠራሁትን ሒሳብ፣ የዘመን ሚዛን ያልኩትን፣ አፌ በተለቀቀ ቁጥር አስረዳኋቸው። በእሳቸው ጊዜ በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው በአማካይ ዘጠኝ ጎል ይቆጠር ነበር። ዛሬ ስድስት ነው። በረኛው ዛሬ በር የሚያህል መከላከያ ለብሶ ነው የሚቆመው፤ ያኔ ትራስ አስሮ የወጣ ፖስተኛ ይመስል ነበር። እንግዲያው የእሳቸው መቶ ሰማንያ ስምንት ወደ ዛሬ ሲመነዘር መቶ ሃያ አምስት አካባቢ ይሆናል።

«አፌን ዘግቼ ስሠራልሽ ስልሳ ሦስት ነጥብ ነቀልሽብኝ?» አሉ። «እኔ ያለ ማደንዘዣ ነቅዬ አላውቅም፣ ልጄ።»

«ስድብ አይደለም ዶክተር፣ ሒሳብ ነው።»

«እሺ ሒሳብሽ ውስጥ አውቶቡሱን አስገብተሻል? ማሞቂያ አልነበረውም። ጫማችን እግራችን ላይ ደርቆ ነበር የምንደርሰው። ጥርሴንስ? ሦስቱን በሦስት ከተማ ትቻቸው ነው የመጣሁት። ከዚያ ነው ይህን ሙያ የመረጥኩት፣ ዋጋውን አውቀዋለሁ።»

ሳቅን። ከዚያ መሣሪያቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ። «የዚያን ጊዜ መዝጋቢ የሚስቴ አባት ነበሩ፤ ማለቴ ሚስቴ ከመሆኗ በፊት። ሰውየው በወደዱኝ ሳምንት ነጥቤ ይበዛል፣ ልጃቸውን አምሽቼ በመለስኳት ሳምንት ይቀንሳል።»

«እውነትዎን ነው?»

«እኔ እንጃ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፣ አሁን ደግሞ የሚጠየቅ የለም። ይህን ጋዜጣሽ ላይ እንዳታወጪው።»

አላወጣሁትም። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝና «ልጁ ይስበረው፣ እኔ ለመጨበጥ ዝግጁ ነኝ። ብቻ ቶሎ ይስበረው፣ ጉልበቴ በረዶ ላይ መቆም እያቃተው ነው» አሉ።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ

ትናንት ከሜዳችን ውጭ አንድ ነጥብ። 182። የዘመን ሚዛኑን ኮሌጁ ገጽ ላይ አወጣሁት። ከጠዋት እስከ ማታ ስድብና ሙገሳ እኩል ጎረፈ። አንዱ «ይቺ ልጅ ቆጥራ ነው እንጂ አይታ አታውቅም» ብሏል። ዲያን ግን «ስንት ሰው አነበበው!» ብላ ደወለች። በእረፍት ቀኗ።

እኔም እንግዲህ አንድ ነገር ልሆን ነው።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

7 ለ 1 አሸነፍን። ሦስት ነጥብ! 185። መሰላል ላይ ሦስቴ።

አንድ ነገር ብቻ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ በሩ ባዶ እያለላቸው ራሳቸው አይመቱም፣ ኤመትን ይፈልጋሉ። ውጤቱ ሰፊ ስለነበር ሕዝቡ ሳቀ። አሠልጣኙ አልሳቁም።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ትናንትም ዛሬም ተሸነፍን። ነጥብ የለም። ፓኳ ኤመት ዘንድ ትሄዳለች፣ ሁለት ተከላካይ ይከቡታል፣ ትነጠቃለች። ሌላው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ ከእኛ ልጆች ይልቅ ባላጋራው የሰሌዳው ነገር ገብቶታል።

ኤመት ቢሮዬ መጣ። ሳይቀመጥ።

«ሰሌዳውን አውርጅው።»

«እኔ እኮ…»

«ወደ መልበሻ ክፍል ስንገባ ፊት ለፊት ነው። ኒልስ ትናንት ባዶ በር ፊት ቆሞ ፓኳን ወደኋላ ለእኔ ላካት። ምን ሆነህ ነው ስለው ሰሌዳውን አሳየኝ። ልጁ አንደኛ ዓመት ነው፣ አንድም ነጥብ የለውም። የመጀመሪያ ጎሉን ነው የሰጠኝ።»

«ውሳኔው የዲያን ነው» አልኩት። «እጠይቅልሃለሁ።»

ዲያን ስብሰባ በዝቶባት ሰነበተች። በመሃል ማንሳትም ለሕዝቡ ግር ይላል።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

2 ነጥብ። 187። ተሸነፍን፣ 4 ለ 2። የጥሎ ማለፉን ጨዋታ በሜዳችን የማድረግ ዕድል ከእጃችን ወጣ።

ፈንዲሻ ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

«ቡድኑ እየሞተ ቁጥር ይቆጥራሉ።»

«ልጁ ምን ያድርግ? ያቺ ቀጭኗ ናት አሉ፣ የኒየመላ ልጅ።»

«እናቷ እንኳ ጨዋ ሰው ናት።»

ኒየመላ የእኛ ቤት ስም ነው። ዞር አላልኩም። ቅቤ ይጨመር ወይ ስባል አይ አልኩ፤ እኔ እኮ ያለ ቅቤ አልበላም።

ለዲያን ስለ ሰሌዳው እስካሁን አልጠየቅኳትም። ሰኞ እጠይቃታለሁ።

ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ

188። እኩል! አሸነፍንም። ነገ በሜዳችን የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ ከሜዳችን ውጭ ቢሰብረው ማን ያየዋል? ሁለት የቴሌቪዥን ጣቢያ ይመጣል። ዲያን ክብረ ወሰኑ ሲሰበር ለሚደረገው የእራት ግብዣ አዳራሽ ይዛለች። ዶክተር ዋልት ፊት ወንበር ላይ ተመድበዋል። አሁን ልተኛ ይገባል፣ እንቅልፍ ግን የት አባቱ።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ተሰበረ!!! 189። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሁለት እኩል ሆነን። ማዕዘን ላይ ግርግር፣ ፓኳ ወጣች፣ ወደ ዘጠኝ ቁጥር፣ ከዚያ ሃያ አንድ ቁጥር አገባት። ጋሽ ኦርቪል «አግቢ ሃያ አንድ፣ ከዘጠኝ። ሌላስ?» አሉ። አሥራ ሰባት፣ ኤመት ማለት ነው፣ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አስነገሩት። አዳራሹ ጣራው ሊነሳ።

ኤመት ወደ መስኮታችን መጣ። እኔም እጄን አወዛወዝኩለት። ከዚያ ዶክተር ዋልት ወደ በረዶው ወረዱ፣ ተቃቀፉ፣ ካሜራ፣ ጩኸት። አሸነፍን። ዲያን አቀፈችኝ። ነገ እጽፋለሁ።

ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ

ጋሽ ኦርቪል ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወሉ።

«ካይሳ፣ የትናንቱን ሁለተኛ አቀባይ አይተሽዋል?»

«ማዕዘኑ ላይ ኤመት ነበረ፣ ጋሼ።»

«መኖሩን አልጠየቅኩሽም። ሁለት ምዕመናን ሃያ ስድስት፣ ኒልስ ነው የነካው አሉኝ። አንዱ ተራ አፈኛ ነው፣ ሌላኛዋ ግን ውሸት አታውቅም።»

«እኔ እኮ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩዎት እንጂ…»

«ጣትሽን የተጫዋቾቹ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ላይ አስቀመጥሽ» አሉ። «እኔ ጣትሽን አየሁ። እሱን ለማየት ዓይኔ ይበቃል።»

ቪዲዮውን ከፈትኩት። ከሰዓት በኋላ ሙሉ እሱን ሳይ ዋልኩ። ካሜራው ከተቃራኒው ወገን ነው፤ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ዱላ ፓኳን ስትገፋት ጫፏ ብልጭ ይላል። ነጭ ፕላስተር የተጠቀለለባት ዱላ ናት። ኤመት የሚጠቀልለው ጥቁር ነው፤ ግን ብርሃኑ ስለሚያንጸባርቅ በእርግጠኝነት ማለት አይቻልም።

በዘመን ሚዛኑ ከሄድን ልጁ ክብረ ወሰኑን አምና ነው የሰበረው። የዶክተር ዋልትን ነጥብስ አማታቸው አይደሉም እንዴ የመዘገቡት? አንድ ነጥብ፣ ያውም የሁለተኛ አቀባይ። በየዘመኑ ስንት እንዲህ ያለ አለ! ይህን ሁሉ ለራሴ በቃል እስክይዘው ደጋገምኩት።

ፌብሩዋሪ 17፣ ሰኞ

ኤመት ጠዋት መጣ። እናቱ የጋገሩትን ለውዝ የተጠቀለለበት ዳቦ በጨርቅ አድርጎ ይዟል፤ ቅዳሜ ማታ ለእኔ ብለው የላኩት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«አልነካኋትም» አለ።

«ቪዲዮው ምንም አያሳይም…»

«ቪዲዮውን አልጠየቅኩሽም። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ እኮ። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር፣ ዱላዬ ከሰው እግር ሥር ነበር። ኒልስ ነው ያወጣት።»

«ኤመት፣ ማን ተጎዳ? በሚዛኑ መሠረት…»

«ሚዛንሽን ተይኝ!» አለ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኒልስ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ውሰደው፣ እኔ ዘንድ ምን ያደርጋል› ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ብታይው ኖሮ። ያን ዕለት ማታ ቤቱ ደውሎ ነጥብ አገኘሁ ብሎ ነበር፣ በማግሥቱ አባቱ ጋዜጣው ላይ ፈልገው አጡት።»

ዳቦውን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋሁት።

«መስኮቱ ድረስ መጥቼ ራሴን ነቀነቅኩልሽ። ሁለት ጣት፣ ከዚያ ስድስት አሳየሁሽ። ጋሽ ኦርቪል ማይክሮፎኑ ላይ ነበሩ፣ አንቺ ግን እያየሽኝ ነበር። ዘወር ስል ዶክተሩ በዚያ ጉልበታቸው በረዶው ላይ እየተራመዱ ነው። እዚያ መሃል ምን ልበላቸው?»

«ሰላም ያልከኝ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

ትንሽ ቆሞ አየኝ። «እሺ» አለና ወጣ። ዳቦውን አልቆረስኩትም።

ለዲያን ነገርኳት። ማለትም «ጥርጣሬ አለ» አልኳት። በሩን ዘጋችው።

«ሊጉ ማስተካከያ የሚቀበለው እስከ ረቡዕ ቀትር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጸና ማለት ነው። መዝጋቢው ወስኗል፣ ቪዲዮው አይቃወመውም። ከዚህ ሌላ ምን አለ?»

«ኤመት ራሱ አልነካሁም ካለ?»

«ትሑት ልጅ ነው እንላለን» አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ደክሟት ነበር። «ካይሳ፣ ይህን ወር ሙሉ ያበሰልሽው አንቺ ነሽ። አሁን ድስቱን አትድፊው።»

ፌብሩዋሪ 18፣ ማክሰኞ

ጋሽ ኦርቪል ቤት። ማስተካከያው ያለ እሳቸው ፊርማ አይሄድም።

ወጥ ቤታቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የዓሣ መንጠቆ ላይ ላባ ያስራሉ። ጥሩውን ዓይናቸውን ሊያስጠጉ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ያጣምማሉ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ «በቪዲዮ ምልከታ መሠረት ነጥቡ ወደ ሃያ ስድስት ቁጥር ተዛውሯል» ይላል።

«ቪዲዮው ያሳያል?»

«አያሳይም።»

«ታዲያ ቪዲዮውን ምን አድርጎሽ ነው የምትወነጅይው?» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ሠላሳ ዓመት ፈርሜያለሁ። ስሳሳት ተሳሳትኩ ብዬ ነው የፈረምኩት። ምክንያቱን ጻፊ።»

ሁለተኛ ጻፍኩ። «መዝጋቢው በግርግሩ ምክንያት በትክክል ባለማየታቸው።» አነበቡትና ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

«ዓይኔን ደግሞ አመጣሽው። አለማየቴ እውነት ነው። ለዚህ አይደል አንቺን ጎኔ ያስቀመጡሽ?»

ሦስተኛ ጻፍኩ። «ቁጥሩን ለመዝጋቢው ያመለከትኩት ረዳቷ እኔ ነኝ፣ እርግጠኛ ሳልሆን።»

«እርግጠኛ ሳትሆኚ» አሉ። ቃሉን አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ከዚያ ፈረሙ። ስወጣ «የታሰረ መንጠቆ ትፈልጊያለሽ?» ብለው አንድ ሰጡኝ። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ እጄን በከተትኩ ቁጥር ይወጋኛል።

አልላክሁትም። ጠዋት እልከዋለሁ።

ፌብሩዋሪ 19፣ ረቡዕ

ላክሁት። ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ጣቴ ሰዓቱ እንዲያልፍ ትጠብቅ ነበር ልበል? ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ዲያን አነበበችው። «ምክንያቱን እንዲህ መዘርዘር ነበረብሽ?»

«ጋሽ ኦርቪል ያለዚያ አልፈርምም አሉ።»

«ጋሽ ኦርቪል ለቋሚ ቦታ እጩ አይደሉም» አለች።

ከሰዓት በኋላ መሰላሉን አውጥቼ 189ን ወደ 188 መለስኩ። ልጆቹ ልምምድ ላይ ነበሩ። አንድ ሁለቱ እንደ ጭብጨባ በዱላቸው በረዶውን መቱ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ኤመት ቀና አላለም። ኒልስ ግን አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር፣ አሠልጣኙ እስኪጮሁበት።

ከዚያ ሰሌዳውን ከነመስቀያው አወረድኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። ለካ ሁለት ብሎን ብቻ ነበር።

ፌብሩዋሪ 22፣ ቅዳሜ

ጥሎ ማለፍ፣ ከሜዳችን ውጭ። 1 ለ 0 ተሸነፍን። አለቀ።

ሰሌዳ የለም፣ ካሜራ የለም። ዓመቱን ሙሉ እንደዛሬ አልተጫወቱም። ኒልስ እንኳ ሁለቴ መታ። ሊያልቅ ሲል ኤመት ብቻውን ወጣ፣ በረኛውን አስተኛው፣ ፓኳ የበሩን ብረት መታች። ድምፁ እስከ ላይኛው ወንበር ተሰማ።

ሁለቱም 188 ላይ ቀሩ፣ ዶክተር ዋልትና እሱ።

አውቶቡስ ውስጥ ፊት ተቀመጥኩ። እሱ ኋላ። ማሞቂያው በደንብ ይሠራል።

ፌብሩዋሪ 24፣ ሰኞ

ዶክተር ዋልት ደወሉ። «ወንበሩን ለሁለት ተቀምጠንበታል አሉ። ደህና፣ በዚህ ዕድሜዬ የምደገፍበት ሰው ያስፈልገኛል።» ከዚያ ቀልዱን ተዉት። «የዚያን ቅዳሜ በረዶው ላይ ሳቅፈው ጆሮዬ ላይ ‹የእኔ አይደለም› ብሎኝ ነበር። ጩኸቱ ስለበዛ ትሕትና መሰለኝና ጀርባውን መታሁት። ሕዝቡ የሚፈልገውን ነው የሰማሁት። አንቺንም ሳያስቸግርሽ አልቀረም።»

«አዎ» አልኳቸው። «ጩኸት ነበር።»

መስኮቱ ግን መስተዋት ነው። ለመስማት ሳይሆን ለማየት ነው የተሠራው።

ማርች 2፣ እሑድ

የእራት ግብዣው ተሰረዘ። የቋሚው ቦታ ማስታወቂያ ወጣ፣ ለማንም ክፍት ነው። አመልክቻለሁ። ዲያን «መልካም ዕድል» አለችኝ፣ እንደማታውቀኝ ሰው በትሕትና።

ግሮሰሪ ውስጥ አንዱ «አንዷ ነጥብ እንዳትጠፋሽ ቦርሳሽን ዝጊ» አለኝ። ሌላው ደግሞ በዚያው ሰልፍ «ደግ አደረግሽ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምፈልግ አላውቅም። የሁለቱም አይደለሁም።

የኒልስ አባት ካርድ ልከዋል፤ የተስተካከለውን ጋዜጣ ቆርጠው ለጥፈውበት «እናመሰግናለን» ብቻ። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

ለኤመት ሦስት መልእክት ልኬያለሁ። አንደኛው ስለ ዕቃ መመለስ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ምረቃ ፎቶ፣ ሦስተኛው እንዴት ነህ። አልመለሰም። ሦስቱም ውስጥ መልስ የሚያሻው ነገር አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።

ማርች 7፣ ዓርብ

ዛሬ በበረዶው ጠርዝ አለፍኩ። ሜዳው ባዶ ነው። የእኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ በመስተዋቱ ወደ ማዕዘኑ አየሁ። በደንብ ይታያል። ከዚያ ሰው መስኮቱ ድረስ ቢመጣ ፊቱ ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። የሽፋሽፍቱ ላብ ይታያል።

ማርች 9፣ እሑድ

ከመላኬ በፊት እዚህ እገለብጠዋለሁ፣ በኋላ ሌላ ነገር ነበር የጻፍኩት እንዳልል።

«ኤመት፣ ካይሳ ነኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ እንጫወታለን። ጋሽ ኦርቪል በረዶውን በስተው ለክተውታል፣ ገና ወፍራም ነው። ኒልስ እመጣለሁ ብሏል። ዶክተር ዋልት ጉልበታቸውን አስረው ይመጣሉ፤ ብወድቅ አታንሱኝ፣ ግፉኝ ብለዋል። በረኛ አልተገኘም፣ ስለዚህ እኔ ነኝ የምቆመው። ከአሥራ አራት ዓመቴ ወዲህ ቆሜ አላውቅም።

ሰላም ያልከኝ አልመሰለኝም። ራስህን ስትነቀንቅ አይቻለሁ፣ ጣቶችህንም አይቻለሁ። እያየሁ ነው እጄን ያወዛወዝኩት።

ዱላህን ይዘህ ና፣ ጠንክረህ ምታ። አልመጣም ካልክም አልመጣም በለኝ። ብቻ መልስልኝ።»